ሲግ ሩማንን ለመተዋወቅ ከየትኛው ፊልም እንጀምር? አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

የድሮ የሆሊውድ ፊልም የሚወድ ሰው ይህን ፊት አይስተውም። ሞላ ያለ ሰውነት፣ በጥንቃቄ የተከረከመ ፂም፣ ሲቆጣ የሚፈጥ ዓይን። ንዴት ሲይዘው ቃላቱ ተጋፍተው ነው ከአፉ የሚወጡት። ስሙን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሲግ ሩማን ይባላል። ሃምቡርግ፣ ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ ከ100 በላይ ፊልሞች ላይ የተጫወተ አጃቢ ተዋናይ ነው።

ከነዚህ ሁሉ የትኛው ይቅደም? መሪ ተዋናይ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። በጣም ታዋቂውን ፊልም ከፍቶ መጀመር ነው። አጃቢ ተዋናይ ግን እንዲህ አይመረጥም። ታዋቂው ፊልም ላይ ለአፍታ ብቅ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ለምሳሌ «ኋይት ክሪስማስ» (1954) በየዓመቱ በገና ሰሞን የሚታይ ፊልም ነው። እሱን ለሩማን ብሎ የከፈተ ሰው የሚያገኘው ግን አንድ የተበሳጨ አከራይ ነው፤ ትንሽ ተጨቃጭቆ ይሄዳል። በቃ።

ስለዚህ የፊልሙን ዝና ትቼ በሌላ መለኪያ አምስት ፊልሞችን ላወዳድር።

በምን እንለካ?

አንደኛው መለኪያ ድርሻው ነው። ሰውዬው ታሪኩን የሚያንቀሳቅስ ገጸ ባሕርይ አለው ወይስ ለማዳመቂያ ነው የገባው? ለእኔ ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው።

ሁለተኛው ችሎታውን ምን ያህል ያሳያል የሚለው ነው። ሩማን ሲጮህ ያስቃል። ግን ከመጮህ ሌላም ይችላል፤ ያንን የሚያሳዩት ፊልሞች ጥቂት ናቸው።

ሦስተኛው እንግሊዝኛው ነው። ለነዚህ ፊልሞች የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ አትጠብቁ። አንዳንዶቹ በቃላት ጨዋታ የተሞሉና ፈጣን ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ድምፁን ቀንሳችሁ እንኳ ብታዩ ይገቧችኋል።

አራተኛው ቀድሞ መታወቅ ያለበት ታሪክ ነው። አምስተኛው ጊዜና ገንዘብ። አንድ ሰዓት ተኩል ያለው ሰውና ሁለት ሰዓት ያለው ሰው አንድ ዓይነት ምክር አይሰጣቸውም። በሞባይል ዳታ ለሚያይማ ርዝመት ገንዘብ ነው።

ሽልማትን መለኪያ አላደረግሁም። ሩማን በዕድሜው ሙሉ አንድም ጊዜ ለኦስካር አልታጨም። በሽልማት ብንለካው ሰውዬው ጭራሽ አይገኝም።

ሰውዬው ማነው?

በጥቅምት ወር 1884 ተወለደ፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ። መጀመሪያ የተማረው ስለ ኤሌክትሪክ ነበር፤ ከዚያ ወደ ትወና ዞረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር ውስጥ አገለገለ። በ1924 ወደ አሜሪካ ተሻገረና ኒው ዮርክ ውስጥ በጀርመንኛ በሚቀርቡ ቲያትሮች ላይ መሥራት ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ የከተማዋ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ወዳሉበት ወደ ብሮድዌይ ገባ። በ1930 በቀረበው «ግራንድ ሆቴል» ተውኔት ፕራይሲንግ የተባለውን የፋብሪካ ዳይሬክተር ሆኖ ተጫወተ። በዚያ ዘመን ከተውኔት ጸሐፊው ጆርጅ ካውፍማን ጋር ተወዳጀ። ይህ ወዳጅነት ኋላ ላይ ይመለስልናል።

ሆሊውድ ሲገባ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። ጀርመናዊ ፕሮፌሰር፣ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ጀርመናዊ መኮንን፣ አንዳንዴም ሩሲያዊ አደረጉት። ከሂትለር ጋር ጦርነቱ ሲመጣ የጀርመን ስም ሸክም ሆነ። ዚግፍሪድ የነበረው ሲግ ሆነ፤ በላቲን ፊደል በሁለት «ን» ይጻፍ የነበረው ሩማንም አንዱን ጣለ። ያ ጦርነት ራሱ ግን እንጀራ ሰጠው። ናዚ የሚሆን ሰው ይፈለግ ነበርና።

የቀልዱ ምስጢር አንድ ነው። ሩማን ኮሜዲ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ አይመስልም። የሚጫወተው ሰው ክብሩን ከምር የያዘ ነው። ክብሩ ሲነካ ከልቡ ይጎዳል፤ ተመልካቹን በዓይኑ ጠቅሶ «ቀልዴን ነው» አይልም። አምስቱን ፊልሞች ስታዩ ይህን ተከታተሉ።

«ቱ ቢ ኦር ኖት ቱ ቢ» (1942)

ዳይሬክተሩ ኤርንስት ሉቢች ነው፤ እሱም የበርሊን ልጅ። ታሪኩ ናዚዎች በያዟት ዋርሶ ይካሄዳል። የአንድ ቲያትር ቤት ተዋንያን የመድረክ ልብሳቸውንና የተማሩትን ሙያ ይዘው የናዚዎቹን ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ጌስታፖን፣ ለማታለል ይነሳሉ። ሩማን ኮሎኔል ኤርሃርት ነው፤ በከተማው የጌስታፖው አለቃ።

አንዲት ነገር በደንብ ልብ በሉ። ጃክ ቤኒ የሚጫወተው ተዋናይ ቱራ መጀመሪያ ራሱን ኤርሃርት አስመስሎ ከአንድ ሰላይ ፊት ይቀመጣል። ሰላዩ «ለንደን ውስጥ የማጎሪያ ካምፕ ኤርሃርት ይሉዎታል» ይለዋል። ቱራ የሚመልሰው ይጠፋዋል። እየሳቀ «እንዲህ ነው የሚሉኝ ማለት ነው?» ይላል። ወሬው ባለቀበት ቁጥር ያችኑ ይደግማል። ማስመሰሉ የማያምር ይመስለናል። ቆይቶ ቱራ ሰላዩን መስሎ ወደ እውነተኛው ኤርሃርት ቢሮ ይገባል። ያንኑ ቅጽል ስም ይነግረዋል። ሩማን ዓይኑን ያፈጣል፣ ፊቱ በደስታ ይበራል፣ ይስቃል፤ ከዚያ ያችኑ ቃል በቃል ይላታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በአንዴ ይደርሳችኋል። አንደኛ፣ ቱራ ሳያውቀው ልክ እንደነበረ ይገባችኋል፤ ይህ ያስቃል። ሁለተኛ፣ ሰውዬው በቅጽል ስሙ እየኮራ ነው። ሰው ለማጎሪያ ካምፕ በመዳረጉ ስም አውጥቻለሁ ብሎ ደስ ብሎታል። ሳቃችሁ መሃል ላይ ይሰበራል። ሩማን ይህን የሚያደርገው ትንሽ እንኳ ሳያጋንን ነው፤ እንደ አንድ አድናቆት የሚወድ የቢሮ ኃላፊ።

ኤርሃርት ፈሪም ነው። በፉህረሩ፣ በሂትለር፣ ላይ የሚወራ ቀልድ ያወራና ወዲያው በድንጋጤ ይደርቃል። ትዕዛዙ በተሳሳተ ቁጥር ደግሞ «ሹልትስ!» ብሎ ረዳቱ ላይ ይጮሃል። ጥፋቱ የራሱ ነው፣ የሚወቀሰው ሹልትስ ነው። እንዲህ ያለ አለቃ አይቶ የማያውቅ ሠራተኛ የለም።

ፊልሙ ሲወጣ ብዙዎች ተቆጥተዋል። ፖላንድ እየደማች እንዴት ይሳቃል አሉ። መሪዋ ተዋናይት ካሮል ሎምባርድም ፊልሙ ሳይወጣ በጥር 1942 በአውሮፕላን አደጋ ሞታ ነበር፤ ሐዘኑም ትኩስ ነው። ቁጣው ይገባኛል። ግን የሚሳቀው በፖላንዶቹ መከራ አይደለም። የሚሳቀው ሰው እየገደለ አለቃውን በሚፈራ ባለሥልጣን ነው። ለዚህም ሩማን ባይኖር ፊልሙ አይቆምም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ ጥንቃቄ። በ1983 ሜል ብሩክስ በዚሁ ርዕስ ድጋሚ የተሠራ ፊልም ላይ ተጫውቷል። ስትከራዩ ወይም ስትገዙ 1942 እና የሉቢች ስም መኖሩን አረጋግጡ። በ1983ቱ ፊልም ኤርሃርትን የተጫወተው ቻርልስ ደርኒንግ በዚህ ሚና ለኦስካር ታጭቷል። ሩማን በተመሳሳይ ሚና ምንም አላገኘም።

«ኒኖችካ» (1939)

ይህም የሉቢች ነው። ከጽሑፉ ባለቤቶች አንዱ ቢሊ ዋይልደር ነው። ሦስት የሶቪየት መልእክተኞች ከመሳፍንት የተወረሰ ጌጣጌጥ ሊሸጡ ፓሪስ ይመጣሉ። ሩማን ኢራኖፍ ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ፌሊክስ ብሬሳርትና አሌክሳንደር ግራናክ ይጫወቷቸዋል።

መጀመሪያው ላይ ሦስቱ ተራ በተራ በሚሽከረከረው በር እየገቡ የትልቁን ሆቴል ውበት አፍጥጠው ያያሉ። ማደር ያምራቸዋል፣ ሕሊናቸው ይከለክላቸዋል። ከዚያ ሰበብ ይገኛል፤ ጌጡን የሚይዝ ትልቅ ካዝና ያለው የንጉሡ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው! ቆየት ብሎ የሩሲያ ቆባቸው ማንጠልጠያው ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ወደ ፓሪስ ባርኔጣ ሲለወጥ እናያለን። ንግግር የለም፤ ሁሉም ነገር ተነግሯል። «ጓድ» እየተባለ የተኖረበትን ዘመን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ለዚህ ፊልም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጉድለቱ ምንድን ነው? ሩማን ለብቻው ጎልቶ አይታይም። ሁልጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ፊልሙም የግሬታ ጋርቦ ነው፤ እሷ ስትገባ ሦስቱ ወደ ዳር ይወጣሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ከሌሎች ጋር እየተቀባበለ መጫወት እንደሚችል የሚታየው እዚህ ነው። ጩኸቱን ቀንሶ ለስለስ ይላል። ከቤተሰብ ጋር ለማየት ከአምስቱ የሚመቸውም ይህ ነው።

«ኦንሊ ኤንጅልስ ሃቭ ዊንግስ» (1939)

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። መዘለሉ ያሳዝነኛል።

ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ፣ መሪ ተዋንያኑ ኬሪ ግራንትና ጂን አርተር ናቸው። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ባራንካ በምትባል ምናባዊ የወደብ ከተማ አንድ ትንሽ አየር መንገድ ፖስታ ያመላልሳል። ተራራው ከፍ ያለ፣ ጭጋጉ ወፍራም፣ አውሮፕላኖቹ ያረጁ። ሩማን «ደቺ» የሚባለው ሆላንዳዊ ነው። ሆቴሉም የአየር መንገዱም ባለቤት ነው።

ገና ፊልሙ ሲጀምር አንድ ወጣት አብራሪ ይሞታል። የኬሪ ግራንት ገጸ ባሕርይ ለሟቹ የታዘዘውን ሥጋ ቁጭ ብሎ ይበላል። በዚያ ቤት ሐዘን አይወራም፤ ደንቡ ነው። ደቺ ግን ይህን ደንብ አልቻለበትም። ልጆቹን ወደ ሞት መላኩ ያመዋል። ቢያቆም ደግሞ የፖስታውን ውል ያጣል፣ ቤቱም ይዘጋል። ያ ግዙፍ ሰውዬ ትከሻው ወርዶ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ ስታዩት ኤርሃርትን የተጫወተው ሰው አይመስላችሁም።

ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሩማን በብዛት አይታይም። ግን ለሁለተኛው መለኪያ፣ ለችሎታው ስፋት፣ የሚስተካከለው የለም።

«ስታላግ 17» (1953)

ቢሊ ዋይልደር አሁን ዳይሬክተር ሆኗል። ቦታው በጀርመን እጅ የወደቁ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰዎች የታሰሩበት ካምፕ ነው። ሩማን የጥበቃው ሳጅን ነው። ስሙ? ሹልትስ። «ሹልትስ!» እያለ ሲጮህ የነበረው ሰው ከ11 ዓመት በኋላ ራሱ ሹልትስ ሆነ። ሙሉ ስሙ ደግሞ ዮሃን ሰባስቲያን ሹልትስ፤ በታላቁ የሙዚቃ ሰው በዮሃን ሰባስቲያን ባክ ስም።

ይህ ሹልትስ ከእስረኞቹ ጋር ይቀልዳል፣ ይስቃል፣ ወዳጅ መስሎ ይገባል። እስረኞቹም እንደ ሞኝ ያዩታል። አንዴ ግን ክፍሉ ባዶ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል፦ የአምፖሉን ገመድ ያያል፣ የተቋጠረውን ይፈታል፣ ከቼዝ ሰሌዳው ንግሥቲቱን አንስቶ ውስጧ የተደበቀ ወረቀት ያወጣል። ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። ያኔ ያ ሁሉ ቀልድ ሥራ እንደነበረ ይገባችኋል። ወረቀቱን የሚተውለት፣ ከእስረኞቹ መሃል ያለው ጠቋሚ ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ፊልሙን የሚያስኬደው እሱ ነው።

እንግሊዝኛው የወታደር ነው፤ አራዳ አነጋገር ይበዛዋል። የታሪኩ አካሄድ ግን ግልጽ ነው፣ ልብ ይሰቅላል። ዊልያም ሆልደን በዚህ ፊልም የምርጥ ተዋናይ ኦስካርን ወስዷል። ኮሜዲ የማይወድ ሰው ከዚህ ይጀምር።

«ኤ ናይት አት ዚ ኦፔራ» (1935)

የአሜሪካዊዎቹ ኮሜዲያን የማርክስ ወንድማማቾች ፊልም ነው። ሩማን ጎትሊብ የተባለ የኒው ዮርክ ኦፔራ ኃላፊ ሆኗል። ከጽሑፉ ባለቤቶች አንዱ ያ የብሮድዌዩ ወዳጅ ጆርጅ ካውፍማን ነው። ጎትሊብ ከሀብታሟ ሚስስ ክሌፑል ጋር ሲተዋወቅ በታላቅ ትሕትና እጇን ይስማል። ከወንድማማቾቹ አንዱ ግሩቾ ወዲያው እጇን ይይዝና ቀለበቶቿ መኖራቸውን ይቆጥራል። የፊልሙ መንፈስ ይኸው ነው። ጎትሊብ ክብር ይገነባል፣ እነዚያ ያፈርሱታል። በመጨረሻ ኦፔራው መድረክ ላይ እያለ ከዘፋኙ ጀርባ ያለው መጋረጃ የባቡር ጣቢያ፣ ከዚያ የጦር መርከብ ይሆናል።

በጣም ያስቃል። ግን የግሩቾ ወሬ እንደ ጥይት ነው፤ እንግሊዝኛው ጠንካራ ያልሆነ ሰው ግማሹ ያመልጠዋል። ሩማንም እዚህ የሚመታው ኳስ ብቻ ነው፤ የራሱ ቀልድ ብዙም የለውም። ልጆች ግን በእንቅስቃሴው ይስቃሉ።

በአንድ እይታ

| ፊልም | ርዝመት (ደቂቃ ገደማ) | የሩማን ድርሻ | የችሎታ ስፋት | እንግሊዝኛው | ቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው |
|---|---|---|---|---|---|
| «ቱ ቢ ኦር ኖት ቱ ቢ» | 100 | ትልቅ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ናዚዎች ፖላንድን መያዛቸው |
| «ኒኖችካ» | 110 | መካከለኛ፣ ከሦስት አንዱ | መካከለኛ | ቀላል | ስለ ሶቪየት ጥቂት |
| «ኦንሊ ኤንጅልስ ሃቭ ዊንግስ» | 120 | መካከለኛ | ከፍተኛ | ፈጣን ግን ቀጥተኛ | ምንም |
| «ስታላግ 17» | 120 | ትልቅ | ከፍተኛ | የወታደር አነጋገር | የጦር እስረኛ ምን እንደሆነ |
| «ኤ ናይት አት ዚ ኦፔራ» | 90 | ትልቅ | ውስን | ከባድ | ምንም |

አምስቱም ጥቁርና ነጭ ናቸው። ያ የሚያስቸግረው ሰው ካለ በ«ስታላግ 17» ይጀምር፤ ታሪኩ ቀለሙን ያስረሳል።

ለማን የቱ?

አንድ ፊልም ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው «ቱ ቢ ኦር ኖት ቱ ቢ»ን ይይ። አላመነታም። ከአምስቱ ሩማንን በሙሉ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ርዝመቱም አያሰለችም።

ሁለት ማየት የሚችል ሰው ከእሱ ቀጥሎ «ኦንሊ ኤንጅልስ»ን ይጨምር። ሁለቱን በተከታታይ ማየት አንድ ተዋናይ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ያሳያል።

ትወና ለሚማር ሰው ደግሞ ምክሬ ኤርሃርትንና ሳጅን ሹልትስን ጎን ለጎን ማየት ነው። ሁለቱም የናዚ ዩኒፎርም ለብሰዋል፣ ሁለቱም ያስቃሉ። ኤርሃርት የሚያስቀን ሳያውቀው ነው። ሹልትስ አውቆ፣ ለሥራው ብሎ ያስቃል። ልዩነቱ በዓይኑ ላይ ነው ያለው፤ ሰው ሲዞርለት ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ።

ከወላጆችና ከልጆች ጋር ለሚቀመጥ፣ «ኒኖችካ» ለትልልቆቹ፣ «ኤ ናይት አት ዚ ኦፔራ» ለትንንሾቹ።

እነዚህን ጨርሶ «ሌላስ?» ለሚል ሁለት ልጠቁም። «ኤ ናይት ኢን ካዛብላንካ» (1946) ላይ ከማርክስ ወንድማማቾች ጋር ተመልሶ የተደበቀ ናዚ ሆኗል፤ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ጠባሳ በሰው ሠራሽ ፀጉር ይሸፍናል። «ዘ ፎርቹን ኩኪ» (1966) ላይ ደግሞ ሽባ ነኝ የሚልን ሰው የሚመረምር አረጋዊ ፕሮፌሰር ነው። በድሮ ጊዜ እንዲህ የሚለውን እባብ ጉድጓድ ውስጥ እንጥለው ነበር፣ ወጥቶ ካመለጠ ውሸታም ነው ይላል። ባይወጣስ? በሽተኛ አጣን፣ ግን እውነተኛ ሰው አገኘን! ድርሻው ትንሽ ነው፣ ግን ወርቅ ነው። ሩማን በየካቲት 1967 ካሊፎርኒያ ውስጥ አረፈ።

ገንዘቡን በተመለከተ

አምስቱንም መግዛት አያስፈልግም። አሜሪካ ያላችሁ መጀመሪያ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። የድሮ ፊልም ዲቪዲ በነፃ ያውሳሉ፤ እነሱ ጋ ከሌለ ከሌላ ቅርንጫፍ ሊያስመጡላችሁ ይችላሉ። ኢትዮጵያ ያላችሁና በዳታ የምታዩ፣ ጥራቱን ዝቅ አድርጉ። ጥቁርና ነጭ ፊልም በትንሽ ስልክ ላይ ከፍተኛ ጥራት አይጠይቅም፤ የድምፁ ጥራት ይበልጥ ያስፈልጋችኋል፣ ቀልዱ ድምፁ ውስጥ ነውና። የሚገዛ ሰው አንድ ብቻ ይግዛ፤ «ቱ ቢ ኦር ኖት ቱ ቢ»ን፣ የድሮ ፊልሞችን በጥራት በሚያሳትመው ክራይቴሪየን በተባለ ድርጅት የወጣውን ቅጂ። ደጋግሞ የሚታየው እሱ ነው።

ስሙን ስትፈልጉ በላቲን ፊደል በአንድም በሁለትም «ን» ጻፉት። «ሲግ» ብቻ ሳይሆን «ዚግፍሪድ» ብላችሁም ሞክሩ። ስሙ በመሃል ስለተቀየረ የድሮዎቹ ፊልሞቹ በአንዱ አጻጻፍ፣ የኋለኞቹ በሌላው ተመዝግበው ልታገኟቸው ትችላላችሁ።